ማክሰኞ ጠዋት የተዘጋው ውሃ

ልብስ ሰፊው ሚስቱን በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ያደርሳታል፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ። ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ደሟን የሚያጥብላት ማሽን ነው። ከቤታቸው እስከ አውቶቡስ ፌርማታው በደህናው ጊዜ የሰባት ደቂቃ መንገድ ነበር። አሁን ሃያ ይፈጃል፤ እሱም ሃያውን ደቂቃ ሙሉ ሲያወራላት ይሄዳል። ወገቡ በየዓመቱ እየሰፋ «ጨርቁ ነው የጠበበው» ብሎ ስለሚሟገተው ነጋዴ፣ የሠርግ ቀሚሷን ሦስት ጊዜ አስፈትታ ሦስት ጊዜ ስላሰፋችው ልጅ። ሚስቱ ስትስቅ ትንፋሽ ያጥራታልና ቆም ትላለች፤ ቆም ስትል ደግሞ ታርፋለች። እንድታርፍ ብሎ እንደሚያስቃት ከገባት ቆይቷል፤ ነገር ግን አንድም ቀን አልነገረችውም።

ሠላሳ አራት ዓመት አብረው ኖረው እስከ ዛሬ የሚጠራት «ሙሽሪት» እያለ ነው። የእጥበት ክፍሉም ሰው ሰምቶ ስሟን ረስቶት ሙሽሪት ይላታል።

ያን ማክሰኞ ሲደርሱ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ከሐይቁ የሚመጣው ውሃ ለጊዜው መቋረጡን፣ እጥበቱ እስኪነገር ድረስ እንደማይጀመር፣ ጥያቄ ያለው በዚህ ቁጥር እንዲደውል ይላል። ልብስ ሰፊው ሁለት ጊዜ አነበበው። ሦስተኛውን ሳይጨርስ ነርሷ ብቅ አለች፤ ሁሉም «ሲስተር» የሚሏት፣ ስትራመድ የምትሮጥ የምትመስል ቀጭን ሴት።

«ምን ማለት ነው አይጀመርም?» አላት።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱን። ቦቴ እየመጣ ነው። ከላይኛው ሰፈር የጉድጓድ ውሃ ያመጣልናል።»

«ውሃው እኮ ከቧንቧው እየወረደ ነው! አሁን ፊቴን ታጥቤበት መምጣቴ ነው።»

«ቱቦው ውስጥ የቀረው ነው። ለፊት ይሆን ይሆናል፤ ለደም ግን አይሆንም።»

«ማን አለ?»

«የውሃ ጽሕፈት ቤቱ። ሐይቁን በሳተላይት አይተው ነው አሉ።»

ልብስ ሰፊው ሚስቱን ዞር ብሎ አያት። ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ያለው ጊዜ ከሁሉም ይረዝማል፤ ሦስት ቀን የጠጣችው ሁሉ ሰውነቷ ውስጥ ነው የሚጠራቀመው። በቀን ሦስት ብርጭቆ ብቻ ተፈቅዶላት እንኳ ያን ጠዋት እግሯ ጫማ አልገባ ብሎ በሱ ነጠላ ጫማ ነው የመጣችው። ወንበር ላይ ተቀምጣ አፏን ከፈት አድርጋ በቀስታ ትተነፍሳለች። ልብስ ሰፊው ተናደደ። ስልኩን አወጣና ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር መታ።

«ሐይቁን ከሰማይ የምታዩት እናንተ ናችሁ?»

«አዎ አባቴ፣ ምን ልርዳዎት?» አለ የሴት ድምፅ።

«ሚስቴ ከቅዳሜ ጀምሮ ተራዋን ስትጠብቅ ነበር። ይኸው አብጣ፣ ትንፋሽ አጥሯት ተቀምጣለች። አንቺ ሰማይ ላይ ተሰቅለሽ ፎቶ እያነሳሽ የሰው ውሃ ትዘጊያለሽ! አሁኑኑ ክፈቺው!»

 መልሳ ትጮኻለች ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር፤ አልጮኸችም።

«አባቴ፣ በጣም አዝናለሁ» አለች። «ግን አልከፍተውም። የባለቤትዎ ተራ ስንት ሰዓት ላይ ነበር?»

«ምን ያደርግልሻል!» ብሎ አንድ ክፉ ቃል ጨመረበትና ዘጋባት። ቃሉን እዚህ መድገም አያስፈልግም፤ ሙሽሪት ሰምታው «አንተ ሰውዬ፣ አላበዛኸውም?» ብላው ነበር።

ቦቴው ሰባት ሰዓት ላይ ደረሰ። ውሃው እስኪገለበጥ፣ እስኪጣራ፣ እስኪመረመር ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሙሽሪት በአራት ሰዓት ፈንታ ሦስት ሰዓት ብቻ ታጠበች። ሲመሽ ትንፋሿ ተመልሶ አውቶቡስ ውስጥ ትከሻው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እሱ ግን ንዴቱ አልበረደለትም። በመስኮት እያየ ሴትዮዋን በሐሳቡ ይሰድባት ነበር፤ እንዲያውም የተሻሉ ስድቦች አሁን ነው የመጡለት።

ሐሙስ ዕለት ቦቴው በጊዜው መጣ፤ እጥበቱም በሰዓቱ ተጀመረ። ሙሽሪት ተኝታ፣ ደሟ በቱቦው ወጥቶ መዞር ሲጀምር ሲስተር ልብስ ሰፊውን በዓይኗ ጠቀሰችውና ወደ ኮሪደሩ አወጣችው።

«ጋሼ፣ የላቦራቶሪው ውጤት ዛሬ ጠዋት መጣ።»

«የማን? የሷ?»

«የውሃው። መርዝ ነበረበት።»

ቀስ ብላ አስረዳችው። አልጌ የሚባል፣ ሐይቅ ላይ እንደ አረንጓዴ ዱቄት የሚንሳፈፍ ነገር አለ። አብዛኛው ጉዳት የለውም፤ አንዳንዱ ግን ጉበት የሚያቃጥል መርዝ ያወጣል። የሆስፒታሉ ማጣሪያ ለኖራና ለክሎሪን እንጂ ለዚህ የተሠራ አይደለም። ጤነኛ ሰው ሆዱ ይከላከልለታል፤ የሚጠጣውም ብርጭቆ ሁለት ብርጭቆ ነው። እጥበት ላይ ያለ ሰው ግን በአንድ ቀን ከመቶ ሊትር በላይ ውሃ በደሙ ጎን ያልፋል፤ ውሃውንና ደሙን የሚለያቸው ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ነው።

«ማክሰኞ ጠዋት ውሃው ባይዘጋ ኖሮ» አለች ሲስተር፣ «ስምንቱንም አልጋ አንድ ሰዓት ላይ ከማሽን ጋር አገናኝቼ ነበር። በገዛ እጄ።»

እጇን አየችው። ልብስ ሰፊውም አየው። ከዚያ በመስታወቱ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ሙሽሪት በነጻው እጇ የአንሶላውን ጠርዝ እየዳበሰች ስፌቱን ትመረምራለች፤ ሁልጊዜ እንደምታደርገው። እግድግዳው ላይ ተደገፈ።

«ያቺ ሴትዮ» አለ።

«የቷ?»

«ስልክ ላይ ያለችው። ሲስተር፣ እኔ እኮ ሰድቤያታለሁ።»

በማግስቱ ሱቁን ከፈተ፤ ሥራ ግን አልሠራም። የነጋዴውን ሱሪ በጠመኔ ሲያሰምር መስመሩ ጠመመ፤ አጥፍቶ ደግሞ አሰመረው፤ ደግሞ ጠመመ። ሠላሳ ስምንት ዓመት መቀስ ሲይዝ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከቀትር በፊት ዘግቶ ወደ ቤት ሄደ።

ሙሽሪት አልጋዋ ላይ ተደግፋ አገኘችው እንጂ እሱ አላገኛትም፤ ገና በሩን ሲገፋ «ና ተቀመጥ፣ ጠብቄህ ነበር» አለችው።

«ምንም አላልኩም እኮ።»

«ፊትህ እየተናገረ ነው። ሄደህ ይቅርታ ጠይቃት። አመስግናት። እኔ እግሬ ቢችል ቀድሜህ ሄጄ ነበር።»

«ምን እላታለሁ?»

«ስትሰድባት ቃል አልቸገረህም። ለምስጋናው ደግሞ መዝገበ ቃላት ልግዛልህ?»

ሰኞ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወደ ውሃ ጽሕፈት ቤት ሄደ። እንግዳ መቀበያው ጋ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች ሴት ተቀምጣለች።

«ሐይቁን በሳተላይት የምታየውን ሰው ፈልጌ ነበር» አለ።

«አቤቱታ ከሆነ ሦስተኛ ፎቅ። ይህን ቅጽ ይሙሉ።»

«አቤቱታ አይደለም።»

«የመስመር ማስገቢያ ሁለተኛ ፎቅ ነው።»

«ላመሰግን ነው የመጣሁት።»

ሴትየዋ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ከራሱ እስከ እግሩ ቃኘችው። መሳቢያዋን ከፈተች፣ ወረቀቶች አገላበጠች፣ ዘጋችው። «ለሱ ቅጽ የለንም» አለች፤ ድምፅዋ ከልቧ ያዘነች ይመስል ነበር። ከዚያ ተነስታ እስከ ደረጃው ሸኘችው፤ «ቀጥ ብለው ይሂዱ፤ ዕቃ ግምጃ ቤቱን አልፈው የመጨረሻው በር።»

ልብስ ሰፊው በሐሳቡ የሣለው ሰፊ አዳራሽ ነበር፤ ግድግዳውን ያለበሱ ማሽኖች፣ ነጭ ካፖርት የለበሱ ሰዎች። ያገኘው ጠባብ ክፍል ነው። ሁለት ስክሪን፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ማረፊያው ተቀዶ ስፖንጁ የወጣ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ጸጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ያሰረች ሴት።

«ይቅርታ» አለ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሳተላይቷን የሚነዷት እርስዎ ነዎት?»

ሴትየዋ ከት ብላ ሳቀች። «እኔ ሳይክል እንኳ መንዳት አልችልም! እሷ በራሷ ነው የምትዞረው፤ እኔ የላከችውን ማየት ብቻ ነው ሥራዬ። ይግቡ፣ ይቀመጡ አባቴ።»

ድምፁ እሱ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ሲያጠናው የመጣው ንግግር ከአፉ ጠፋ። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ።

«ማክሰኞ ጠዋት ስልክ የደወለ ሰው ነበር» አለ። «ጮኾብዎት… መጥፎ ነገር ተናግሮ የዘጋብዎት።»

«ያን ቀን ብዙ ሰው ጮኾብኛል።»

«ሰማይ ላይ ተሰቅለሽ ያለዎት።»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችው። ፊቱ ሲቀላ ተሰማው፤ በዚህ ዕድሜው ጆሮው ሳይቀር ጋለ። አሁን ታስወጣኛለች ብሎ ሲጠብቅ ወንበሯን ወደ እሱ ጎትታ፦

«ባለቤትዎ እንዴት ናቸው?» አለችው።

«ደህና… ደህና ናት። ይመስገን።»

«ያን ቀን በስንት ሰዓት እንደተጀመረላቸው አውቃለሁ። ስምንት ሰዓት ተኩል። ለሲስተር ደውዬ ጠይቄያት ነበር፤ ‹ባላቸው በጣም የሚጮኸው ሴትዮ ማሽን ላይ ወጡ ወይ?› ብዬ። እሷም ‹እንግዲህ ሙሽሪት ትሆናለች› አለችኝ።»

 እሱ አውቶቡስ ውስጥ ስድብ ሲመርጥ፣ እሷ የሚስቱን እስትንፋስ ስታስብ ነበር። ወንድ ልጅ አያለቅስም ብሎ ኮፍያውን ማገላበጥ ያዘ።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ… ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

«አንቺ ይበሉኝ፤ ልጅዎ ነኝ» አለችና ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችለት። ማስለቀስ የፈለገች አትመስልም። «ይልቅ ይዩት። አይተው አያውቁም አይደል?»

ሐይቁ ነበር። ዳር ዳሩን ያውቀዋል፤ ከላይ ግን አይቶት አያውቅም። ተጠግቶ ዓይኑን አጠበበ፤ ጨርቅ ሲገዛ እንደሚያደርገው።

«ይህ ጨርቅ ቢሆን አልገዛውም» አለ። «እዚህ ጋ ቀለሙ ለቋል።» ጣቱን ያሳረፈው በሰሜን በኩል፣ ውሃ መሳቢያው ቱቦ አጠገብ ነው። ቀጭን መስመር፣ ከቀሪው ሐይቅ በጥቂቱ ብቻ የደበዘዘች።

ሴትየዋ አፏን ያዘች። «ይህን እኔ ለመለየት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል!»

ከዚያ ነገሩን ከሥሩ ነገረችው። ሳተላይቷ በየአምስት ቀኑ በላያቸው ታልፋለች። የሰው ዓይን የሚያየውን ቀለም ብቻ ሳይሆን፣ ከቀዩ አለፍ ብሎ ያለውን ዓይን የማያየውንም ትመዘግባለች፤ ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ነገር ውሃ ውስጥ ሲበዛ እዚያ ላይ ነው ቀድሞ የሚታወቀው። ግን ደመና ካለ ምንም የለም፤ ነጭ ብቻ። ያን ሰሞን ያለፈችበት ቀን ሁሉ ደመና ነበር። ያለፈው ሰኞ ጠዋት ግን ደመናው መሐል ላይ ቀዳዳ ተገኘ፤ በዚያች ቀዳዳ ውስጥ ያቺ መስመር ታየች።

«ፎቶው ግን መርዝ ይኑረው አይኑረው አይናገርም» አለች። «አረንጓዴ ነገር አለ፣ ይኸው ቦታው፣ ከማለት አያልፍም። ሰው ሄዶ ውሃውን መቅዳት አለበት። ተቀዳ፤ ላቦራቶሪው ሁለት ቀን ይወስድብኛል አለ። አለቃዬ ውጤቱን እንጠብቅ አሉ። ተሳስተን ከሆነ ግማሽ ከተማ ይስቅብናል። እኔም ‹ሌላው ሰው ለሁለት ቀን የታሸገ ውሃ ይጠጣል፤ እጥበት ላይ ያሉት ግን ነገ ጠዋት ናቸው› አልኳቸው። አሰቡ፣ አሰቡ፣ በመጨረሻ ‹ዝጊው፣ እኔ እፈርማለሁ› አሉ። ስለዚህ እሳቸውንም ያመስግኑልኝ።»

«ውጤቱ ንጹሕ ቢሆን ኖሮስ?»

«ያኔ እርስዎ እዚህ የሚመጡት ለሌላ ጉዳይ ነበር።» ሳቅ አለች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። «እውነቱን ልንገርዎት? ስልኩን ዘግተውብኝ ፎቶውን ሦስት ጊዜ ደግሜ አየሁት። አንድ ሴት ትንፋሽ አጥሯት ተቀምጣለች፤ እኔ ደግሞ ልሳሳት እችላለሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።»

ልብስ ሰፊው ተነስቶ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። ያጠናው ንግግር አልተመለሰም። «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ አለ፤ ደገመው።

«የኔ ድርሻ መቀመጥ ነው» አለች እሷም እንባ አዝላ። «ማመስገን ከፈለጉ ጀልባ ነጂውን ያመስግኑት። ሰኞ ዕለት ያን ነፋስ አልፎ ውሃውን የቀዳው እሱ ነው። ግን አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ምስጋና አይወድም።»

ጀልባ ነጂው ሐይቁ ዳር፣ ከእንጨት በተሠራው ማቆሚያ ላይ ሞተር ፈቶ እያጸዳ ነበር። ደረተ ሰፊ፣ ሽበታም፣ እጁ እስከ ክርኑ በግራሶ የተነከረ ሰው ነው። ሲያስል ማቆሚያው ይነቃነቃል። ከዳርቻው ያለው ውሃ የአረንጓዴ ቀለም ባልዲ የተደፋበት ይመስላል፤ የበሰበሰ ሣር ይሸታል።

«እጅህን እንዳትከት» አለው ቀና ሳይል።

ልብስ ሰፊው ማንነቱን፣ የሚስቱን ነገር፣ ለምን እንደመጣ ነገረው። ጀልባ ነጂው ሰምቶ ሲጨርስ መፍቻውን አስቀመጠ።

«ሥራዬ ነው» አለ።

«ነፋሱ ከባድ ነበር አሉኝ።»

«ነፋስ ያለ ነው።»

«ብትገለበጥስ?»

«እዋኛለሁ።» ደግሞ አሳለ። «ይልቅ መጥተህ ካልቀረ ይህን ያዝልኝ።»

ያቀበለው ገመድ የታሰረበት፣ እኩሌታው ነጭ እኩሌታው ጥቁር የሆነ ክብ ሳህን ነው። ቀስ እያለ ወደ ውሃው እንዲለቀው፣ ከዓይኑ ሲጠፋ እንዲያቆም ነገረው። ልብስ ሰፊው ለቀቀው፤ ክንድ ሳይሞላ አረንጓዴው ዋጠው። በደህና ጊዜ እስከ አራት ክንድ ወርዶ እንደሚታይ፣ ይህንኑ ቁጥር ቢሮ ላለችው ልጅ እንደሚልክላትና እሷም ከፎቶዋ ጋር እንደምታስተያየው ጀልባ ነጂው ነገረው። ስለ ሥራው ሲያወራ አፉ ይፈታል።

«ከባዱ መቅዳቱ አይደለም» አለ። «ጠርሙሶቹ ብርሃንና ሙቀት ካገኛቸው ውጤቱ ይበላሻል። በጨለማ፣ በቅዝቃዜ መምጣት አለባቸው። ማቀዝቀዣ ሣጥን ተፈቅዷል ካሉኝ ዓመት ሆነው። እኔ በአሮጌ ጃኬት ነበር የምጠቀልላቸው። ሰኞ ዕለት ነፋሱ ጃኬቱን ወሰደው።»

«ታዲያ ምን አደረግህ?»

ጀልባ ነጂው ወደ ሞተሩ ዞረ። «ሸሚዜን አውልቄ ጠቀለልኳቸው። ከላይ ካናቴራዬን ደረብኩበት።»

«ራቁትህን? በዚያ ብርድ?»

«ሳተላይቷ አይበርዳትም፤ የሚበርደው እኔን ነው» አለና ደግሞ አሳለ። «ሸሚዙ ከጠርሙሶቹ ጋር ላቦራቶሪ ቀረ፤ ሚስቴ እስከ ዛሬ ‹ሸሚዝህን የት ጥለኸው መጣህ?› እያለች ታፋጥጠኛለች።»

ልብስ ሰፊው ሳቀ። እየሳቀ የሰውዬው ሳል ከየትኛው ብርድ እንደመጣ ገባውና ሳቁ መሐል ላይ ቀረ። የሚስቱ ሕይወት ከአንድ ሰው ገላ ላይ በወጣ ሸሚዝ ተጠቅልሎ ነው የመጣው። ከአንገቱ የማትለየውን ሜትር አወጣ።

«አንዱን ጠርሙስ አሳየኝ» አለ።

«ለምን?»

«ሥራዬ ነው።»

ጀልባ ነጂው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ጠርሙሱን አቀበለው፤ ልብስ ሰፊውም ቁመቱን፣ ዙሪያውን፣ የክዳኑን ውፍረት ለካ። ስንት ይዞ እንደሚሄድ፣ የት እንደሚያስቀምጥ፣ ጀልባዋ በየትኛው ጎን እንደምታጋድል ጠየቀው። ለሙሽራ ልብስም እንዲህ ጠይቆ አያውቅም።

ከረጢቱ አሥር ቀን ፈጀ። ከላይ ብርሃን የማያሳልፍ ጥቁር ሸራ፣ ከውስጥ ውሃ የማያስገባ ገበር፣ በመሐሉ ከብርድ ልብስ የተቆረጠ ወፍራም ጨርቅ። በረዶ የሚቀመጥበት ኪስ ለብቻው፤ ለጠርሙሶቹ ለእያንዳንዳቸው እንደ ካልሲ ጥብቅ ያለ ኪስ። ነፋስ እንዳይወስደው ከመቀመጫው ጋር የሚታሰርበት አራት ማሰሪያ። ለሁለተኛ ጊዜ ፈትቶ ሲሰፋው ሙሽሪት አየችው።

«ክዳኑ በምንድን ነው የሚዘጋው?»

«በዚፕ።»

«ዚፕ እርጥበት ይይዘውና ይዝጋል። አዝራር አድርግበት፤ ትልልቅ አዝራር። ቀዳዳዎቹን ለኔ ተውልኝ።»

ልብስ ሰፊው እጁ መርፌው ላይ እንዳለ ቀረ። ሙሽሪት ከመታመሟ በፊት የሱቁን የአዝራር ቀዳዳ ሁሉ የምትሠራው እሷ ነበረች፤ ደንበኞች ከሌላ ሰፈር ድረስ ለሱ ብለው ይመጡ ነበር። ከታመመች ወዲህ መርፌ ነክታ አታውቅም፤ እሱም አንሺ ብሏት አያውቅም፤ እንዳይከፋት። ክሩን አቀበላት። ሰባት ቀዳዳ ነው። እጥበት በሌለባቸው ቀናት አንዳንድ፣ ሲበረታባት ሁለት እያደረገች ጨረሰችው። አንዱን አልወደደችውምና ፈትታ ደገመችው። እሱ ሌላኛው ክፍል ሆኖ የስፌት መኪናውን የሚረግጥ መስሎ ያዳምጣታል፤ ክር ስታጠብቅ እንደ ድሮዋ በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች።

በዚህ መሐል አየሩ ቀዘቀዘ፤ ነፋሱም አቅጣጫ ቀየረ። አረንጓዴው ከቀን ወደ ቀን ሳሳ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሦስት ተከታታይ ምርመራ ንጹሕ ሆኖ ውሃው ተከፈተ። ሆስፒታሉም ለእጥበት ክፍሉ ተጨማሪ የከሰል ማጣሪያ አስገባ፤ የሲስተርም ቁጥር ከውሃ ጽሕፈት ቤቱ የስልክ ዝርዝር አናት ላይ ተጻፈ። ሲስተር ይህን ስትናገር እንደተሾመ ሰው ኮርታ ነበር።

ዓርብ ዕለት ሳተላይቷ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ታልፋለች ተባለ። ጀልባ ነጂው በዚያው ሰዓት ውሃ ይቀዳል፤ ልጅቷም ፎቶውንና ውሃውን ለማስተያየት እሷው ራሷ ትመጣለች። ሙሽሪት ይህን ስትሰማ «እኔም እሄዳለሁ» አለች። ልብስ ሰፊው መንገዱ እንደሚረዝም፣ ነፋስ እንደሚኖር ነገራት። «ጨረስክ? በል ጫማዬን አምጣልኝ» አለችው። ጫማዋ ልክ ገባላት።

ጀልባ ነጂው ከረጢቱን ተቀበለ። ማቆሚያው ላይ ተንበርክኮ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ከተታቸው። አዝራሮቹን ቆለፋቸው፣ ፈታቸው፣ ደግሞ ቆለፋቸው። አውራ ጣቱን በአንዱ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ አዞረ።

«ይህን የሠራው ማነው?»

«እሷ ናት» አለ ልብስ ሰፊው።

ጀልባ ነጂው ቆቡን አወለቀ። «እመቤቴ፣ ለጠርሙስ አይገባም ነበር። እኔ ራሴ ልለብሰው እየቃጣኝ ነው።»

«ከዚያ በላይ ይገባል» አለች ሙሽሪት። «የሸሚዙን ነገር ሰምቻለሁ። ልክህን ይለካህና ሌላ ይስፋልህ፤ ለሚስትህም የት እንደሄደ እኔ እነግራታለሁ።»

ጀልባ ነጂው አጎንብሶ ሞተሩን አስነሳ፤ ፊቱን ለመደበቅ መሆኑን ልብስ ሰፊው አየ። «አንተ ግባ» አለው። «የሰፋኸውን ሥራ ላይ ታየዋለህ።»

ዋና የማይችል ሰው እንዴት ጀልባ ላይ እንደወጣ እሱም አያውቅም። የመንሳፈፊያ ሰደርያ አለበሱት፤ ስፌቱን አይቶ «ይህን የሰፋው ሰው ይጠየቅ» አለ፤ ቢሆንም ሁለቱንም ማሰሪያ አጥብቆ ያዘ። ከዳር ሲርቁ ዞር ብሎ ተመለከተ። ልጅቷ መጥታለች። ማቆሚያው ጫፍ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ከሙሽሪት ጎን ተቀምጣለች። ሙሽሪት እጇን ወደ ሰማይ ጠቁማ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ልጅቷም በሰዓቷ ላይ አሳየቻት።  ሙሽሪት የልጅቷን እጅ ወስዳ ጭኗ ላይ አደረገችውና በላዩ የራሷን ደረበች። ረጅም ነገር ተናገረች፤ ከጀልባው አይሰማም። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች።

«ገመዱን ያዝ እንጂ፣ ወዴት ነው የምታየው?» አለው ጀልባ ነጂው።

«መጣሁ» አለ ልብስ ሰፊው፤ ዓይኑን ግን አልመለሰም።

ሲመለሱ ልጅቷ ጠርሙሶቹን ቆጥራ ተረከበች፤ ከረጢቱንም እንደ ሕፃን አቅፋ ወደ መኪናው ሄደች። ባልና ሚስት ቀስ እያሉ ወደ ፌርማታው አመሩ። ልብስ ሰፊው ጥቂት ታገሠ፤ አልቻለም።

«ምን አልሻት?»

«ማንን?»

«አታውቂም? ልጅቷን!»

«የሴት ወሬ ነው» አለች ሙሽሪት። ክንዱን ያዝ አድርጋ ጥቂት ከተራመደች በኋላ፣ «ይልቅ ስለዚያ ወገቡ ስለሚሰፋው ሰውዬ ንገረኝ፤ ሱሪውን ወሰደ?» አለችው።

አልወሰደም ነበር። ልብስ ሰፊውም የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግራት ገባ።